የሚያጎብጠን ዕድሜ ብቻ አይደለም

ሴት ስታረጅ ትጎብጣለች ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። መንዝ፣ እኛ ሰፈር፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ አሮጊት ብርቅ ነበረች። አያቴን ጎብጣ ነው የማውቃት። እናቴንም ስድሳን ስትሻገር ጀመራት። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ስትፈትል ጀርባዋ ቀጥ ያለ ሴት ነበረች። ኋላ ግን ሰው ሰላም ሲላት ቀና ብላ ፊቱን ማየት አቃታት። ወገቧን ያማት ነበር። ምግብ ትንሽ ቀምሳ «ጠገብኩ» ትላለች። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ሁሉም ዕድሜ ነው ተባለ። ስለ ጀርባዋ ሐኪም ቤት መሄድ አለባት ያለ ሰው አልነበረም።

አሁን እኔ 61 ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ረጅም ዘመን አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የእናቴ በሽታ እኔንም ይዞኛል። የአጥንት መሳሳት ነው፤ ሐኪሞቹ ኦስቲዮፖሮሲስ ይሉታል። የእናቴ ጉብጠት፣ የወገቧ ሕመም፣ የጥጋቡና የትንፋሹ ነገር ሁሉ ከዚሁ እንደሚመጣ የገባኝ እኔ ስታከም ነው። አከርካሪ አጥንት ሲሳሳና ሲደፈጠጥ ቁመት ያጥራል። ጀርባ ይጎብጣል። የጎድን አጥንት ወደ ዳሌ ይጠጋል። ያን ጊዜ ሆድና ሳንባ ቦታ ያጣሉ። ዕድሜ እያልን የምናልፈው ነገር ብዙ ጊዜ ስብራት ነው ማለት ነው። ይህን ስብራት ደግሞ መከላከል ይቻላል።

የእኔ የጀመረው ከእጄ ነው። 54 ዓመቴ ነበር። ክረምት ነው፤ የመረሬ ጭቃ እንዴት እንደሚያንሸራትት ለደብረ ብርሃን ሰው አይነገርም። በራችን ላይ አዳለጠኝና ወደ ፊት ስወድቅ በእጄ ተደገፍኩ። የእጄ አንጓ ተሰበረ። የሄድኩበት ሐኪም ቤት ራጅ አነሱኝ፣ ጄሶ አሰሩልኝ፣ ቀጠሮዬ ሲደርስ ፈቱልኝ። አጥንቱ በደንብ ገጠመ። ስለ እጄ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። አንዲት የ54 ዓመት ሴት ከቆመችበት ወድቃ አጥንቷ ለምን ተሰበረ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ይህን ጥያቄ እባካችሁ ያዙልኝ። ጤነኛ አጥንት ከቁመት ልክ መውደቅን ይችላል። መኪና ገጭቶት ወይም ከዛፍ ወድቆ የተሰበረ ሰው ሌላ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ግን አዳልጦት ወይም ተደናቅፎ የተሰበረ ሰው፣ ስብራቱ መታከሙ ብቻ አይበቃም። አጥንቱ ራሱ መመርመር አለበት። የእጅ አንጓ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይሰበራል። አከርካሪ ይከተላል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ዳሌ አለ። በዓለም ደረጃ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሴቶች ከሦስቷ አንዷ፣ ከወንዶች ከአምስቱ አንዱ በቀሪ ዘመኑ እንዲህ ያለ ስብራት ይደርስበታል። ከሁሉ የሚከፋው የዳሌው ነው። ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከአምስቱ አንዱ ገደማ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። «ወደቀች፣ ዳሌዋ ተሰበረ፣ ከዚያ ወዲያ አልተነሳችም» ሲባል ለቅሶ ቤት ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከእጄ ስብራት በኋላ ጥቂት ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ውሃ የሞላ ጀሪካን ከመሬት ሳነሳ ጀርባዬ ላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ሕመሙ ጎኔን ዞሮ እስከ ሆዴ ያዘኝ። ስተኛ ይሻለኛል። ልቀመጥ ስል፣ ሳስል፣ ሳስነጥስ ያስጮኸኛል። ጎረቤት ሁሉ መጣ። ብርድ ነው አሉ። አገራችን ውርጭ አገር ስለሆነ የጀርባ ሕመም ሁሉ ለብርድ ይሰጣል። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ኩላሊት ነው አለኝና የማስታገሻ መርፌ ወጉኝ። ረገብ ይልና ይመለሳል። ራጅ ላንሳሽ ያለ አልነበረም።

ባለቤቴ በመጨረሻ ወጌሻ ይዞ መጣ። አባባ በሰፈራችን የተከበሩ ናቸው። ወለምታና የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ አይቻለሁ። ጀርባዬን በጣታቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉና እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ፣ ይሄ የሚታሽ አይደለም። ሄደሽ ራጅ ተነሺ» አሉኝ። ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ሁሉም እንደሳቸው አይደለም። ዕድሜዋ የገፋ ሴት ድንገት ጀርባዋን ካመማት አትሹ፣ አትጎትቱ። ልጅ ጀርባ ላይ አቁሞ ማስረገጥ የሚባለውን ልማድማ ጨርሶ ተዉት። የሳሳ አከርካሪ ያን አይችልም።

ሆስፒታል ያገኘሁት ሐኪም ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። ሆዴን ከነካካ በኋላ የጀርባዬን አጥንት አንድ በአንድ በቀስታ መታ መታ አደረገ። አንዱ ላይ ሲደርስ ጮህኩ። ከዚያ ጥያቄ ጀመረ። «እናቴ፣ ከዚህ በፊት አጥንት ተሰብሮብዎት ያውቃል? የወር አበባዎ በስንት ዓመትዎ ነው የቆመው? ወላጅ እናትዎ ጎብጠው ነበር?» እጄ መሰበሩን፣ የወር አበባዬ በ43 ዓመቴ መቆሙን፣ የእናቴንም ነገር ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ግድግዳ ተደግፌ እንድቆም አደረገኝ። ተረከዜና ጀርባዬ ግድግዳውን ነካ። የጭንቅላቴ ኋላ ግን አልደርስ አለ። ቁመቴም በወጣትነቴ ከነበረው ቀንሷል። ለነገሩ የሐበሻ ቀሚሴ መሬት መጥረግ ከጀመረ ቆይቷል፤ ጨርቁ የለቀቀ መስሎኝ አሳጥሬው ነበር። ከወጣትነት ቁመታችሁ 4 ሴንቲ ሜትር ከጎደለ ለሐኪም ንገሩ።

ራጁ አንድ አከርካሪ ከፊት በኩል ተደፍጥጦ አሳየ። ከሱ ከፍ ብሎ ሌላ ተሰብሮ የቆየ አለ። ያኛው መቼ እንደተሰበረ አላውቅም። ከሦስት የአከርካሪ ስብራቶች ሁለቱ ገደማ እንዲህ ሳይታወቁ ያልፋሉ። ሰውየው ወገቤን አመመኝ ብሎ ይተኛና ይነሳል።

ሐኪሙ ግን ወዲያው የአጥንት መሳሳት ነው ብሎ አላሰናበተኝም። ይህን ወድጄለታለሁ። የእኛ አገር አከርካሪ በብዙ ምክንያት ይጎዳል። የአከርካሪ ቲቢ አጥንት በልቶ ያጎብጣል። ካንሰር ወደ አጥንት ይሠራጫል። ከአጥንት መቅኒ የሚነሳ የካንሰር ዓይነትም አለ፤ አጥንቱን እያሳሳ ይሰብራል። ያልተፈላ ወተት የሚያመጣው ብሩሴሎሲስም ጀርባ ያሳምማል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ተኝቶ እንኳ የማይተው ሕመም፣ የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ካለ አንድ ቀን እንኳ ቤት አትቆዩ። እኔ ይህ ሁሉ አልነበረብኝም። ያም ሆኖ ደም አስመረመረኝ። ካልሲየሜን፣ ኩላሊቴን፣ ታይሮይድ የሚባለውን የአንገት ዕጢዬን አየ። ከዚያ በኋላ ነው አዲስ አበባ ሄጄ አጥንቴን እንዳስለካ የጻፈልኝ።

አጥንት ውስጥ ምን እንደሚሆን በደንብ ያስረዳኝም እሱ ነው። አጥንት ሕይወት አለው። ያረጀውን የሚያፈርሱ ሕዋሳት አሉ፤ አዲስ የሚገነቡም አሉ። በወጣትነት ግንባታው ይበልጣል። እስከ 30 ዓመት አካባቢ አጥንታችን የሚደርስበት ጥግ ይደርሳል። ከዚያ ማፍረሱ ቀስ እያለ ያመዝናል። ሴት ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን አፍራሾቹን ይዞ የሚያቆይ ነው። የወር አበባ ሲቆም እሱ ይቀንሳል። አፍራሾቹ ይለቀቃሉ። በመጀመሪያዎቹ ከ5 እስከ 7 ዓመታት ውስጥ አንዲት ሴት እስከ 20 በመቶ የሚደርስ አጥንቷን ልታጣ ትችላለች። የእኔ ገና በ43 ስለቆመ ከእኩዮቼ ቀድሜ ጀመርኩ። ከ45 ዓመት በፊት የቆመባት ሴት፣ ወይም ማሕፀኗ ከነእንቁላል ማምረቻው በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት፣ ይህን አስቀድማ ማወቅ አለባት።

አጥንት ከውጭ ጠንካራ ቅርፊት፣ ከውስጥ እርስ በርሱ የተያያዘ ስስ መረብ አለው። በሽታው ቀድሞ የሚበላው ይህን የውስጡን ነው። ቤት ምርጊቱ ሳይነካ ማገሩ ቢነቅዝ ከውጭ ማን ያውቃል? አንድ ቀን ነፋስ ሲመጣ ነው የሚታየው። የሳሳ አጥንት አያምም። የሚያመው ሲሰበር ነው። ብዙ ሴት «እኔን አጥንቴን አሞኝ አያውቅም» ስትል የምደነግጠው ለዚህ ነው።

እናቶቻችን «ልጅ ማጥባት አጥንቴን ጨረሰው» ይላሉ። እውነትም እናት ስታጠባ ከአጥንቷ ካልሲየም ይወጣል። ልጁ ጡት ሲጥል ግን ሰውነት መልሶ ይተካዋል። ማጥባት ጥፋተኛ አይደለም። እናቶች ማጥባትን እንዳይፈሩ ይህን ሳላነሳ ማለፍ አልፈለግሁም።

አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጀርባዬ እንዲህ ሆኖ እንዴት እንደምሄድ ጨንቆኝ ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ አትቀመጡ፤ መንገጫገጩ እዚያ ይብሳል። እኔ ከፊት ተቀምጬ ጋቢዬን አጣጥፌ ወገቤ ላይ አደረግሁ። ምርመራው ዴክሳ ይባላል። ልብስ እንደለበሱ ጋደም ማለት ነው። ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። አያምም። ጨረሩም በጣም ትንሽ ነው። ወገብንና ዳሌን ይለካል። ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ማሽኑ እየሠራ መሆኑን ጠይቁ።

ውጤቱ ቲ ስኮር በሚባል ቁጥር ይመጣል። ከጤነኛ ወጣት አጥንት ጋር ማወዳደሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያውን ያወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ከዜሮ በታች እስከ 1 ድረስ ደህና ነው። ከ1 አልፎ 2.5 ሳይደርስ ከሆነ አጥንቱ መቀነስ ጀምሯል። ከዜሮ በታች 2.5 ወይም ከዚያ የባሰ ከሆነ የአጥንት መሳሳት ነው። የእኔ ወገብ ከዜሮ በታች 3.1 ነበር። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በትንሽ ነገር አከርካሪዋ ወይም ዳሌዋ የተሰበረ ሴት፣ ማሽኑ ባይገኝም፣ ቁጥሩ ባይወርድም ሕክምና ይገባታል። አዲስ አበባ መሄድ ያልቻለች እዚያው መንዝ ያለች የመሐል ሜዳ ወይም የሞላሌ እናት በራጇ ብቻ ልትታከም ትችላለች። ማሽን የለም ተብሎ ነገሩ እንዳይቀር።

መድኃኒቱ ላይ ልቆይ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የታዘዘልኝ አሌንድሮኔት ነው። 70 ሚሊ ግራም፣ በሳምንት አንድ ጊዜ። አፍራሾቹን ሕዋሳት ያዳክማል። የአከርካሪ ስብራትን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አወሳሰዱ ግን ደንብ አለው። ጠዋት ተነስቼ ምንም ሳልቀምስ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ እውጠዋለሁ። በቡና፣ በሻይ፣ በወተት አይሆንም። አይታኘክም። ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቀጥ ብሎ መቆም ወይም መቀመጥ ነው፤ ጋደም ማለት የለም። ክኒኑ ጉሮሮ ውስጥ ከቀረ ያቆስላል። በነዚያ ደቂቃዎች ምግብም፣ ቡናም፣ የካልሲየም ክኒንም አይነካም፤ ከተነካ መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ አይገባም። እኔ ማክሰኞን መረጥኩ። እሑድ ቅዳሴ ስላለ ጠዋት ውሃ መጠጣት አልፈልግም። ረቡዕና ዓርብም ጾም ነው። ቀናችሁን እንደ ኑሯችሁ ምረጡ፤ ከመረጣችሁ በኋላ ግን አትቀያይሩት።

ለሁሉም አይሆንም። ኩላሊቱ የደከመ፣ የመዋጫ ቱቦ ችግር ያለበት፣ ቀጥ ብሎ መቀመጥ የማይችል ሰው ሌላ ይሰጠዋል። በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ አለ፤ ለሱም ኩላሊት መታየት አለበት። በየ6 ወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ዴኖሱማብም አለ። ይህን የጀመረ ሰው መርፌውን በገዛ እጁ ማቋረጥ የለበትም። ሲቆም አጥንቱ በፍጥነት ይወርዳል፤ አከርካሪዎችም ተከታትለው ሊሰበሩ ይችላሉ። የሚነቀል ጥርስ ካላችሁ ሕክምናውን ከመጀመራችሁ በፊት አስነቅሉ። በጣም አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንት አልድን ይላል። ይህን ሰምታችሁ መድኃኒቱን እንዳትፈሩት። ያልታከመ ስብራት ከዚህ እጅግ የበዛ አደጋ አለው። አከርካሪዋ ከተሰበረ ሴቶች ከአምስቷ አንዷ በዓመት ውስጥ ሌላ ይሰበርባታል።

አሁን ወደ ማዕድ። ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል። አንድ ብርጭቆ ወተት ከ250 እስከ 300 ገደማ ይሰጣል። እርጎና አይብም ጥሩ ናቸው። እኛ ደጋ ነን፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ እንበላለን። ገብስና ስንዴ ካልሲየም ላይ ደካማ ናቸው። ጤፍ ብዙ እጥፍ ይበልጣቸዋል፤ በ100 ግራም 180 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። ዳጉሳ ከጤፍም ይበልጣል፤ ከ300 በላይ ነው። የእኛ ሰው ዳጉሳን ለጠላና ለአረቄ ነው የሚያውቀው። እኔ ከጤፍ ጋር አስፈጭቼ እንጀራ አደርገዋለሁ፤ ለልጅ ልጆቼም ገንፎ። ጎመን ደግሞ በጓሮ ያለ ሀብት ነው። ካልሲየሙን ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። በጾም ወተት የለም፤ ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ጎመን በየቀኑ ከማዕዴ አይጠፋም። ሰሊጥ እቆላለሁ፣ ዳጉሳ አበዛለሁ፣ የጎደለውን ሐኪሜ ባዘዘልኝ ክኒን እሞላለሁ። አልሚ ምግብ ሲነሳ ሰው ካልሲየምን ብቻ ያስባል። ፕሮቲንም ያስፈልጋል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ከጾም ውጭ እንቁላል። ከስታ የምትኖር ሴት አጥንቷም ከስቶ ነው የሚገኘው።

ካልሲየሙ ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ ቫይታሚን ዲ ይፈልጋል። እሱን ደግሞ ቆዳችን ከፀሐይ ይሠራዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ አላጣንም። ግን ብርዱ ያስጠቀልለናል። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ሻሽ፣ ሹራብ። ከዚያ ቤት ውስጥ ምድጃ ዳር። ጠይም ቆዳ ደግሞ ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ፀሐይ ይፈልጋል። እኔ ረፋዱ ላይ እጄንና እግሬን ገልጬ ደጅ እቀመጣለሁ። በመስታወት ውስጥ የሚገባው ፀሐይ አይሠራም። ሐኪሜ ቫይታሚን ዲም ጨምሮልኛል፤ በቀን 800 ዩኒት።

እንቅስቃሴ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት አያለሁ። አንዳንዱ ተሰብሬያለሁ ብሎ አልጋ ላይ ይቀራል። አጥንት ክብደት ካልተሸከመ ይበልጥ ይሳሳል፣ ጡንቻም ይሟሽሻል። ሌላው ደግሞ እንደ ድሮው ያጎነብሳል። የተጎዳ አከርካሪ የሚደፈጠጠው ወደ ፊት ሲታጠፉና በዚያው ሲያነሱ ነው። የእኛ አገር የሴት ሥራ ደግሞ አብዛኛው ማጎንበስ ነው። ኩበት መጠፍጠፍ፣ ከመሬት ውሃ ማንሳት፣ በአጭር መጥረጊያ መጥረግ፣ ልብስ በሳፋ ማጠብ። እኔ ሳፋውን ከፍ ያለ መደብ ላይ አወጣሁ። መጥረጊያው ረጅም እጀታ ተደረገለት። ከመሬት የማነሳው ካለ ጉልበቴን አጥፌ፣ ዕቃውን ደረቴ ላይ አስጠግቼ ነው። ኩበቱን ተውኩት። በየቀኑ በእግሬ እሄዳለሁ። ወንበር ይዤ ተረከዜን ከመሬት አነሳለሁ። እጄን ሳልደገፍ ከወንበር እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። ጭኔ ጠንክሯል፤ ስደናቀፍ ራሴን መመለስ ችያለሁ።

ስግደት ከሁሉ የከበደኝ ነው። በሕማማት አለመስገድ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው። ራጁን አሳየኋቸው። «ለሕመምተኛ ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ ቆመሽ ጸልዪ» አሉኝ። እኔም ቆሜ ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ። ጀርባቸውን እያመማቸው የሚሰግዱ እናቶች በየደብሩ አሉ። እባካችሁ ለአባቶቻችሁ ንገሩ። አባቶችም እናቶችን ጠይቁልን።

ቤታችንንም አየነው። የዳሌ ስብራት ሁሉ ማለት ይቻላል በመውደቅ የሚመጣ ነው። ከመኝታ ቤት እስከ መጸዳጃ ያለው መንገድ ጨለማ ነበር፤ አምፖል ተደረገ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪ ከራስጌዬ አይለይም። ደጁ ላይ ጠጠር ተደፋ። መጸዳጃው ውስጥ ባለቤቴ የእጅ መያዣ እንጨት አስመታ። ሶሉ ያለቀ ጫማ ከቤት ወጣ። ዓይኔን አስመረመርኩ። ለእንቅልፍ የምወስደውን ክኒን ከሐኪሜ ጋር ተነጋግረን ተውኩት፤ ሌሊት እያንገዳገደኝ ነበር።

ሴቶች ልጆቼን ቁጭ አድርጌ ነግሬያቸዋለሁ። እናቷ ወይም አያቷ ዳሌ የተሰበረባት ወይም የጎበጠች ሴት ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ አለባት። ትልቁ ሥራ ግን የልጅ ልጆቼ ላይ ነው። ሴት ልጅ የአጥንቷን 90 በመቶ ገደማ እስከ 18 ዓመቷ ትጨርሳለች። የዛሬዋ የ12 ዓመት ልጅ ወተቷ፣ ጎመኗ፣ ሩጫዋና ገመድ ዝላይዋ የ60 ዓመት አጥንቷ ነው። ወተቱን ሽጠን ለልጅ ለስላሳ የምንገዛ ሰዎች ይህን እናስብበት።

ወንዶችም አሉ። ጠላና አረቄ የሚያዘወትር፣ ሲጋራ የሚያጨስ አጥንቱን እያሳሳ ነው። እንቅርት ኖሮበት ሆርሞኑ የበዛበት ሰውም እንዲሁ። ወንድሜ አስም አለበት፤ ፕሬድኒሶሎን ለብዙ ጊዜ ወስዷል። ይህ መድኃኒት ለ3 ወርና ከዚያ በላይ ከተወሰደ አጥንት ያሳሳል። ወንድሜን ይህን ስነግረው ክኒኑን ዛሬውኑ ልጥለው አለ። ከለከልኩት። ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቆም ለሕይወት ያሰጋል፤ ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው። አብረን ሄድን። ሐኪሙ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ጨመረለት፣ በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ላይ አተኩሮ የክኒኑን መጠን መቀነስ ጀመረለት፣ ዴክሳም ጻፈለት። ከጥምቀት በኋላ አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ እኔም የሁለተኛው ልኬቴ ጊዜ ደርሷል።